ኩበቱ ለምድጃ ወይስ ለማሳ?

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በደብረ ብርሃን በገበያ ቀን ማለዳ ላይ የቆመ ሰው፣ ከየገበሬው መንደር ወደ ከተማው የሚነዱት አህዮች ሁሉ እህል የጫኑ እንዳልሆኑ ይመለከታል። ከመካከላቸው ኩበት የጫኑም አሉ። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ደጋ በመሆኑ ብርዱ ይበረታል፤ የማገዶ ዛፍም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ኩበት በዚህ አገር ከጥንት ጀምሮ ማገዶ ነው።

ይሁን እንጂ ኩበት ማገዶ ብቻ አይደለም። ያልነደደ ኩበት የመሬት ቀለብ ነው። በዛሬው የኑሮ ውድነት ጊዜ ገበሬውንና የቤቱን እመቤት የሚያነጋግራቸውም ይኸው ጉዳይ ነው።

የከተማው ምድጃ ጥሪ

የማገዶ ዋጋ የሚወሰነው በገጠር ብቻ አይደለም። እስከ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ በወር ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት የማይበልጥ ኤሌክትሪክ የሚጠቀም ቤተሰብ ለአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፍለው ከ28 ሳንቲም ያነሰ ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ግን በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚጨምር አዲስ ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል።

ለኤሌክትሪክ ምጣድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። 3 ኪሎ ዋት ተኩል የሚወስድ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ከሩብ ያህል ይበላል። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጋግር ቤተሰብ በወር ውስጥ ለእንጀራ ብቻ ከ40 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ያወጣል ማለት ነው። አምፖሉ፣ ራዲዮኑና ሌላው ሁሉ ሲጨመር ፍጆታው ከዝቅተኛው እርከን አልፎ ዋጋው ከፍ ወደሚልበት ይገባል። በዚህ ጊዜ የከተማው ሰው ዓይኑን ወደ ከሰል፣ ወደ እንጨትና ወደ ኩበት ይመልሳል። የገጠሩ ኩበትም ገበያ ያገኛል።

በሌላ በኩል አገራችን ማዳበሪያ የምታስገባው ከውጭ በዶላር ገዝታ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። መንግሥት የሚደጉመው ተደጉሞም ቢሆን፣ ዩሪያ ለአነስተኛ ገበሬ ከባድ ወጪ ነው።

የአንድ ቤት ሒሳብ

በባሶና ወራና ወረዳ ያነጋገርናቸው አንዲት እናት ሁለት ላሞችና አንድ ጥማድ በሬ አሏቸው። እበቱን በየማለዳው እየጠፈጠፉ ያደርቁታል፤ ክረምት ሳይገባም ክምሩን ይሠራሉ። ከምድጃቸው የተረፈውን በአህያ ጭነው ይሸጣሉ። ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይትና የልጆች ደብተር የሚገዛው በዚሁ ገንዘብ ነው። ባለቤታቸው ኩበቱ ለገብሱ ማሳ ቢውል ይወዳሉ። እሳቸው ግን መልስ አላቸው። «ማሳው እስከ ኅዳር ይጠብቃል፤ ልጅ እስከ ነገም አይጠብቅም» ይላሉ።

እውነት አላቸው። ነገር ግን ሒሳቡ እስከ ኅዳር መታየት አለበት። በቀን 5 ኪሎ ተኩል ያህል ደረቅ ኩበት የሚያነድ ቤተሰብ በዓመት ወደ 20 ኩንታል ይፈጃል። በደረቅ የከብት ፍግ ውስጥ በግምት ከመቶ ከ1 እስከ 2 እጅ ናይትሮጅን ስለሚገኝ፣ 20 ኩንታሉ ከ20 እስከ 40 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል። በአንድ ባለ 50 ኪሎ የዩሪያ ከረጢት ውስጥ ያለው ደግሞ 23 ኪሎ ነው። ኩበቱ ሲነድ ናይትሮጅኑ ከሞላ ጎደል በጭስ ይጠፋል፤ አመዱ የሚያስቀረው በአብዛኛው ፎስፈረስና ፖታሲየም ነው። አፈሩን የሚያለሰልሰውና ውኃ የሚያስይዘው ብስባሽም አብሮ ይነዳል፤ ይህን ደግሞ ዩሪያ አይተካውም።

መላው ምንድን ነው?

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ወጥ ባያጣፍጥም ማገዶ ግን ይቆጥባል። ከቤት ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚያልቀው በእንጀራ ጋገራ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደ ምጣድ ሥር እሳቱ በየአቅጣጫው ይባክናል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀይ አሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ከልሎ ስለሚይዝ የጋገራውን ማገዶ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። በስተኋላው በሚወጣው ሙቀትም ድስት ይጣድበታል። ቁጠባው በኩበትም እንደ እንጨቱ ከሆነ፣ ከ20 ኩንታሉ 5 ያህሉ ሳይነድ ይተርፋል ማለት ነው። ጭሱም ስለሚቀንስ የእናቶች ዓይንና ሳንባ ያርፋል።

አራትና ከዚያ በላይ ከብት በበረት የሚያውልና ውኃ በቅርብ የሚያገኝ ገበሬ ባዮጋዝ ሊያስብ ይችላል። እበቱ በእኩል ውኃ ተበጥብጦ ወደ ጉድጓዱ ሲገባ ጋዙ ለወጥና ለቡና ይነዳል፤ የሚወጣው ዝቃጭ ደግሞ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። በዚህ ዘዴ አንዱ እበት ለምድጃም ለማሳም ይደርሳል። ሆኖም ባዮጋዝ ለእንጀራ እምብዛም አይመችም፤ የግንባታው ወጪም ቀላል አይደለም። በአጥርና በእርከን ላይ የሚተከለው ትሪ ሉሰርን ቅጠሉ ለከብት መኖ፣ ቅርንጫፉ ለማገዶ ይሆናል፤ ለደጋውም ይስማማል።

ከእነዚህ ሁሉ ቀርቦ የሚገኘው ምድጃው ነው። ችግሩ ግን ሲሚንቶም መወደዱ ነው። ስለዚህ ለማዳበሪያ የሚያበድሩ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራትና የቁጠባ ተቋማት ለምድጃም ቢያበድሩ፣ የሚቆጠበው ማገዶ ብድሩን ለመክፈል ይረዳል። የግብርና ልማት ሠራተኞችም ስለ ማዳበሪያ ሲያስተምሩ ከማሳው ዳር ሳይመለሱ እስከ ማድቤቱ ሊዘልቁ ይገባል።

ኩበት መሸጥ ክፉ ነው ብሎ እኚህን እናት መገሠጽ አይቻልም፤ ደብተሩ መገዛት አለበት። ምድጃው የሚያተርፈው ኩበት ግን ሁለቱንም እንዲያስቡ ጊዜ ይሰጣቸዋል። ጥቂቱ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ የቀረው በጓሮ ጉድጓድ ከገለባና ከአመድ ጋር በስብሶ ወደ ገብሱ ማሳ ይመለሳል። እኚህ እናት ስንሰነባበት የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ምድጃውን በዱቤ የሚሰጥ ማን ነው? ጥያቄያቸው መልስ የሚጠብቀው ከእኛ ብቻ አይደለም።