«የት ሆኜ ነው የምመርጠው?» በአካባቢ ምርጫ የነዋሪነት ጉዳይ

በዛሬው ዝግጅታችን የምዝገባ ሰሞን በየቤቱ የሚነሳ አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። ጥያቄው «ማንን እንምረጥ?» የሚል አይደለም፤ እሱ የየራሳችሁ ምስጢር ነው። የእኛ ከዚያ ይቀድማል፦ ማን ይመርጣል? የትስ ሆኖ?

የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነበር። በ2010 ይካሄድ የነበረው ተራዘመ። በ2005 አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ ለመምረጥ ደርሷል፤ ሥርዓቱን ግን የሚነግረው ይሻል። የሰፈር ውሃና መንገድ የሚነሳው በእነዚህ ምክር ቤቶች በመሆኑ ነገሩ ቀላል አይደለም።

የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ለመራጭ ሦስት ዋና መስፈርቶች አስቀምጧል። አንደኛ፣ ኢትዮጵያዊ ዜግነት ያለው መሆን። ሁለተኛ፣ በምዝገባው ዕለት 18 ዓመት የሞላው መሆን። ሦስተኛ፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ መሆን። የመምረጥ መብቱ በሕግ የተገደበበት ሰው አይመዘገብም። በሃይማኖትም ሆነ በጾታ መለየት እንደሌለ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ደንግጓል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሦስተኛው ነው። እስቲ ጠዳ የሚኖር አንድ ቤተሰብ እናስብ። አባትና እናት ዘመናቸውን እዚያው ኖረዋል፤ ጥያቄ የለባቸውም። ትልቁ ልጅ በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ወደ መተማ ወርዶ ይመለሳል። ለወቅት ሥራ መውጣት ኑሮን መለወጥ ባይሆንም፣ ምዝገባው ሳያልቅ ራሱ ቀርቦ መመዝገብ አለበት። አባት ስለ ልጁ መመዝገብም ሆነ ድምፅ መስጠት አይችልም።

ሴት ልጃቸው ከአራት ወር በፊት ተድራ ሌላ ምርጫ ክልል ገብታለች እንበል። ባሏ የአካባቢው ተወላጅ መሆኑ የእሷን ስድስት ወር አይሞላላትም። አዲሱ ቤቷ በዚያው በቀድሞው ምርጫ ክልል ውስጥ ከሆነ ግን ችግር የለም፤ የሚቆጠረው በምርጫ ክልሉ የኖረችበት ጊዜ ነውና። ስለዚህ ቤታችሁ በየትኛው ምርጫ ክልል ሥር እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እዚያው ግቢ ተከራይቶ ጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሚማር ወጣትም አለ። «ተከራይ ነህና አይመለከትህም» ማለት ስህተት ነው፤ ሕጉ የሚጠይቀው መኖርን እንጂ የቤት ባለቤትነትን አይደለም። ለከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ልዩ ምርጫ ጣቢያ ሊቋቋምም ይችላል። የትም ይመዝገብ፣ በአንድ ቦታ ብቻ ይሁን።

ውጭ አገር ያሉትስ? ስዊድን ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሦስት ዓመት የኖሩ የውጭ ዜጎችን በአካባቢ ምርጫ ታሳትፋለች። የእኛ ሕግ ግን ዜግነትን ይጠይቃል። የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ወንድማችን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ቢኖረውም፣ አዋጅ ቁጥር 270/1994 የመምረጥ መብት አይሰጠውም። ሳዑዲ ሠርታ የተመለሰች እህት ደግሞ ዜግነቷ እንዳለ ነው፤ የሚቀራት በአካባቢዋ ስድስት ወር መቆየት ነው።

መታወቂያ የሌለው በገጠር በነዋሪዎች ምስክርነት ሊመዘገብ የሚችልበት መንገድ አለ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። «የጎረቤት ልጅ ነው፣ ምን አለበት» ብሎ ላልኖረ ሰው «ኖሯል» ማለት፣ ወይም ላልደረሰ ልጅ ዕድሜ መጨመር የሐሰት ምስክርነት ነው። ምስክርነት አማና መሆኑን ደግሞ ለእናንተ መንገር አይጠበቅብንም። አንድ ያልተገባ ስም ሲገባ የአንድ እውነተኛ ነዋሪ ድምፅ ክብደቱን ያጣል።

ስለዚህ የምዝገባ ቀን ሲታወጅ በቤታችሁ ተቀመጡና ዕድሜን፣ ወራትንና መታወቂያን ተያዩ። ቦርዱ በየምርጫው የሚያወጣውን መመሪያ ተከታተሉ። የመራጮች መዝገብ ለሕዝብ ዕይታ ሲከፈት ስማችሁን ፈልጉ፤ ከጎደለ ለምርጫ ጣቢያው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ በጊዜው አመልክቱ። በድምፅ መስጫው ዕለት በር ላይ ቆሞ ማዘን ስምን መዝገብ ላይ አያሰፍርም።

አላህ እውነትን የምንመሰክር ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።