ከዐስር እስከ መግሪብ፦ የልጆች ፍለጋ በማኅበር ቤቶች ሰፈር

መጾም የጀመሩ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ያውቁታል፤ የረመዳን ረጅሙ ሰዓት ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ ያለው ነው። እናት ሳምቡሳ ስትጠቀልል፣ ሾርባው እሳት ላይ ሲንተከተክ ልጁ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ይላል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ይጠይቃል። ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ውስጥ በማኅበር በተሠሩ ቤቶች ሰፈር ለሚኖር ቤተሰብ፣ ይህን ሰዓት የሚያሳጥር ጨዋታ አለ። ጂኦካሺንግ ይባላል።

አንዱ ትናንሽ ዕቃዎች የያዘ ሣጥን ይደብቅና ቦታውን በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር ይናገራል። ሌላው በስልኩ ጂፒኤስ እየተመራ ይፈልገዋል። ሲያገኘው በውስጡ ባለው ደብተር ስሙን ይጽፋል፤ ዕቃ ከወሰደም ምትኩን አስቀምጦ ሣጥኑን ወደ ቦታው ይመልሳል። ጨዋታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሉ ሕዝብ የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን እንዳቆመ፣ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት አንድ ባልዲ ደበቀ። በባልዲው ከነበሩት አንዱ የባቄላ ጣሳ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ የተደበቁት ከሦስት ሚሊዮን ይበልጣሉ።

እንዳለ ግን ወደ እኛ መምጣት የለበትም። ምዕራብ ጎጃም ባለፉት ዓመታት ግጭት ያየ አካባቢ ነው። ልጆቻችንን «መሬት ላይ ያያችሁትን እንግዳ ዕቃ አትንኩ፣ ለትልቅ ሰው ተናገሩ» እያልን፣ ዞረን ደግሞ «ድንጋይ ሥር ሣጥን ፈልጉ» ልንላቸው አንችልም። መንገድ ዳር የተተወ ሣጥንም ሰፈሩን ያስደነግጣል። ስለዚህ ቱቦ ሥርም ሆነ ጅምር ቤት ውስጥ ምንም አይደበቅ። ሣጥኑ ፈቃደኛ በሆነ ጎረቤት ቤት ይቀመጥ፤ ልጆቹ የሚፈልጉት በሩን ይሁን። ቁጥሩም በወረቀት ይሰጣቸው እንጂ ስልክ ለስልክ አይዙር።

የማኅበር ቤቶች ሰፈር ለዚህ ይመቻል። በብዙ ማኅበራት አባላቱ አብረው ቆጥበው፣ ቦታ ተረክበው፣ ቤቱ የሚደርሳቸው በዕጣ ነው። ጎረቤትም በዕጣ ደረሰ ማለት ነው። አባቶች በስብሰባ ይተዋወቃሉ፤ ልጆቹ ግን ከሦስተኛው በር ወዲያ ማን እንዳለ ላያውቁ ይችላሉ። የቤት ቁጥር ባልተለጠፈበት አዲስ ሰፈር ደግሞ አድራሻው «ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብለህ፣ ቀዩ በር» ነው።

ጂፒኤስ ምልክቱን የሚቀበለው ከሳተላይት ስለሆነ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል። ገላጣ ቦታ ላይ ግን አምስት ሜትር ያህል ሊሳሳት ይችላል፤ በሮቹ በተጠጋጉበት ሰፈር ይህ የሌላ ሰው በር ያስንኳኳል። ከቁጥሩ ጋር ፍንጭ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ፍንጩ ከጾሙ ጋር ቢያያዝ ይጥማል። ከፍኖተ ሰላም ቂብላ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 13 ዲግሪ ያህል ብቻ ዞር ያለ ነው፤ ስለዚህ «ከሰማያዊው በር ወደ ቂብላ 40 እርምጃ» ማለት ይቻላል። ለከፍ ያሉት ልጆች የኢፍጣር ሰዓት ስሌት አለ። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ ይፈጅባታል። ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ወደ ምዕራብ ስለሆነች ፀሐይ ስድስት ደቂቃ ያህል ዘግይታ ትጠልቅባታለች፤ ቡሬ ላይ ጥቂት ትጨምራለች። የአዲስ አበባን አዛን በቴሌቪዥን ሰምቶ ቴምር ያነሣ የቡሬ ሰው፣ ፀሐይዋ ሳትገባ አፈጠረ ማለት ነው። ይህን አባት ከሚናገረው ልጁ ራሱ አስልቶ ቢደርስበት ይሻላል።

ሣጥኑ ውስጥ ቴምርና ደብተር ይበቃሉ። ምትክ የማስቀመጡ ሕግ ደግሞ በሰሐን ይፈጸም፤ ልጁ ባዶ እጁን አያንኳኳ። ሣጥኑን የያዙት ክርስቲያን ጎረቤት ከሆኑ፣ እንደ 2017 እና 2018 ዓ.ም. ረመዳን ከዐቢይ ጾም ጋር ሲገጥም የሥጋው ሳምቡሳ ቤት ይቅርና የምስሩ ይሂድላቸው።

ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይውጡ፣ አዛን ሳይሰማ ይመለሱ። በየቀኑ አንድ በር ከተጨመረ ወሩ ሲያገባድድ ደብተሩ ሠላሳ ያህል ቤቶች ይኖሩታል፤ ብቻቸውን የሚኖሩት እትዬም ያሉበት። ዘካተል ፊጥር ከዒድ ሶላት በፊት መድረስ አለበትና፣ በዚያን ዕለት ማለዳ የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለበት የሚያውቀው ያ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ሲል የነበረው ልጅ ይሆናል።