ኮምፒውተሩ ሲለወጥ ፈቃዱና ፊደሉ ወዴት ይሄዳሉ?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በዞኑ መሥሪያ ቤቶች ሁለት ቋንቋዎች በሁለት ፊደላት ጎን ለጎን ይጻፋሉ። አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ አማርኛ ደግሞ በግዕዝ ፊደል። ወደ ባሕር ዳር የሚላከው ደብዳቤ በአማርኛ ሲሆን፣ ወደ ደዋ ጨፋ ወይም ወደ አርጡማ ፉርሲ ወረዳ የሚወርደው በአፋን ኦሮሞ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ በዚህች ከተማ የሚገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት ለረጅም ዘመን ያገለገለውን፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበትን ኮምፒውተር በአዲስ ለመተካት ወሰነ እንበል። አሮጌው ኮምፒውተር ላይ በገንዘብ የተገዛ፣ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም አለ። ፋይሎቹ በሙሉ ወደ አዲሱ ተገለበጡ። የአፋን ኦሮሞው ደብዳቤ ሲከፈት አንድም ፊደል ሳይጎድል ተነበበ። በዚያው ዕለት፣ በዚያው ጸሐፊ፣ በዚያው የቁልፍ ሰሌዳ የተጻፈው የአማርኛ ደብዳቤ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ክምር ሆኖ ብቅ አለ። ለመሆኑ አንዱ ሲተርፍ ሌላው ለምን ጠፋ? ነገሩ የቢሮ ሠራተኛን ከማሰልቸት ያለፈ ነው። የተማሪ ውጤት፣ የመሬት ይዞታ መዝገብና የፍርድ ውሳኔ በእንዲህ ዓይነት ፋይል ውስጥ ተቀምጠው ይገኛሉና።

መልሱን ለማግኘት ሦስት የተለያዩ ቁርኝቶችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ከማሽኑ ጋር፣ ፈቃዱ ከገዢውና ከማሽኑ ጋር፣ ጽሑፉ ደግሞ ከፕሮግራሙ ጋር የተሳሰሩበት ገመድ አንድ ዓይነት አይደለም።

ፕሮግራሙና ማሽኑ

ፕሮግራም ማለት ለአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር የተጻፈ የትእዛዝ ዝርዝር ነው። በዚያ ላይ ፋይል ለመክፈት፣ በስክሪን ላይ ለመሳል፣ ለማተም በየጊዜው የስርዓተ ክወናውን እርዳታ ይጠይቃል። ስለሆነም ፕሮሰሰሩ ወይም ስርዓተ ክወናው ሲለወጥ ትእዛዙን የሚሰማው ያጣል። አፕል ኩባንያ ማኪንቶሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ኢንቴል ፕሮሰሰር፣ በ2020 ደግሞ ራሱ ወዳዘጋጀው ፕሮሰሰር ሲያሸጋግር በሁለቱም ጊዜ የቀድሞውን ትእዛዝ ወደ አዲሱ የሚተረጉም ፕሮግራም አብሮ አቅርቧል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው አስተርጓሚ ግን በ2011 በወጣው የስርዓተ ክወና ቅጂ ውስጥ አልተካተተም። በዊንዶውስ ቤተሰብ ውስጥም እንኳ ለ16 ቢት የተዘጋጁ የጥንት ፕሮግራሞች በ64 ቢቱ ዊንዶውስ ላይ ከቶ አይነሡም።

አሮጌውን ይዞ መቀጠልም ማብቂያ አለው። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ በ2014፣ ለዊንዶውስ 7 በ2020፣ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በኦክቶበር 2025 አቋርጧል። በአዲስ ኮምፒውተር ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተርን አስመስሎ የሚያስነሣ ፕሮግራም መጠቀም ይቻላል፤ ጥሩ መፍትሔም ነው። ይሁን እንጂ በውስጡ ለሚጫነው አሮጌ ዊንዶውስም ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ልብ ይሏል።

የተገዛው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ፕሮግራም ገዛሁ ሲል ዕቃ የገዛ ይመስለዋል። በእውነቱ የገዛው የመጠቀም ፈቃድን ነው። ፈቃዱ በስንት ማሽን ላይ፣ በየትኛው ስርዓተ ክወና ላይ፣ በማን እጅ የሚለውን ይወስናል። ለዊንዶውስ የተሰጠ ፈቃድ፣ ውሉ ካልፈቀደ በቀር፣ የማኪንቶሹን ወይም የሊኑክሱን ቅጂ የመጠቀም መብት አይሰጥም። የማሻሻያ ዋጋ የሚባለውም ቅናሽ የቀድሞ ቅጂ ላለው ሰው የሚሰጥ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ስርዓተ ክወናው ያው እንዲሆን ይጠይቃል። አንዳንድ አምራቾች የአንዱን ስርዓት ፈቃድ በሌላው ይለውጣሉ፤ ይህ ግን ልመና የሚጠይቅ ቸርነት እንጂ መብት አይደለም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይበጃል።

ፈቃዱ እንዳይባዛ የሚጠበቅባቸው ዘዴዎችም አሉ። ቀላሉ መለያ ቁጥር ነው። ጠንከር ያለው ደግሞ የሃርድ ዲስኩንና የኔትዎርክ ካርዱን ቁጥሮች አንብቦ ለማሽኑ እንደ ጣት አሻራ ያለ አንድ ቁጥር ያወጣል፤ አምራቹም ለዚያ አሻራ ብቻ የሚሠራ ቁልፍ ይልካል። ዲስኩ ሲቃጠል አሻራው ይለወጣል፤ አምራቹ ሥራውን አቁሞ ከሆነ ቁልፍ የሚልክ የለም። ሦስተኛው ዓይነት ከኮምፒውተሩ ጀርባ የሚሰካ ትንሽ ቁልፍ ነው። ቀድሞ ለማተሚያ ያገለግል በነበረው ሰፊ መሰኪያ ላይ የሚገባው ዓይነት በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ ቀዳዳ እንኳ አያገኝም።

በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች አንዱ ነው። አዋጁ አንድን ቅጂ በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ለመጠባበቂያ የሚሆን አንድ ቅጂ እንዲያስቀምጥ ይፈቅዳል። በእኔ አስተያየት ግን መንግሥታዊ ተቋም በሕጉ ላይ ብቻ መደገፍ የለበትም። ፈቃዱ ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ እንዲዛወር የሚፈቅድ አንቀጽ በግዢ ውሉ ውስጥ ማስገባት በጨረታ ሰነድ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይጠይቃል።

አሃድ የሌለው ቁጥር

ከሁሉ የከበደው ሦስተኛው ቁርኝት ነው። ፕሮግራም ቢጠፋ ሌላ ይገዛል። የጠፋ መዝገብ ግን የሚሸጥበት ገበያ የለም።

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። የላቲን ፊደላት ቁጥር በ1963 መጀመሪያ በታተመው አስኪ በተባለው የአሜሪካ ደረጃ ተወስኗል። በቁቤ ሲጻፍ የከሚሴ የመጀመሪያ ፊደል የሆነችው ትልቋ «ኬ» 75 ናት። በዊንዶውስም ሆነ በማኪንቶሽ፣ በሊኑክስም ሆነ በእጅ ስልክ 75 ናት። የአፋን ኦሮሞው ደብዳቤ የተረፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ለግዕዝ ፊደል እንዲህ ያለ ስምምነት ለረጅም ጊዜ አልነበረም። አንድ ባይት የሚይዘው 256 ቁጥሮችን ብቻ ነው፤ ከእነዚህም ለፊደል የማይውሉ አሉ። 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ዘራቸው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ማሰሮው ሞልቶ ይፈሳል። የ1980ዎቹና የ90ዎቹ ባለሙያዎች ለዚህ ብልሃት ፈጠሩ። ገሚሶቹ ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፈሉት፤ ሌሎቹ ግንዱን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ አድርገው በስክሪን ላይ አደራረቡት። በሁሉም ዘንድ ግን ኮምፒውተሩ 75ን የላቲን ፊደል አድርጎ ነው የሚይዘው፤ በፎንቱ ውስጥ የላቲኑ ሥዕል ወጥቶ የግዕዝ ሥዕል ስለገባበት ብቻ ለዓይናችን አማርኛ ይመስላል። የየትኛው ፊደል ሥዕል የት ይግባ የሚለውን እያንዳንዱ አምራች በየፊናው ወሰነ። የቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ቅጂዎች አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ ያልቻለው በዚሁ የተነሣ ነው። ይህን ለመሻገር በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ግዕዝን በአስኪ ፊደላት ብቻ የሚወክለውን ሴራ የተባለ ሥርዓት አዘጋጅተው ነበር። (ስሙ የእንግሊዝኛ ምሕጻር ነው፤ የተጠነሰሰ ተንኮል አልነበረም።)

በፊዚክስ ክፍል ውስጥ ተማሪ «መልሱ 75 ነው» ብሎ ሲቀመጥ መምህሩ «75 ምን? ሜትር ነው ወይስ ኪሎግራም?» ብሎ ይጠይቀዋል። በአሮጌው የአማርኛ ፋይል ውስጥ የአሃዱን ሥራ የሚሠራው የፎንቱ ስም ነው። 75 «በዚህኛው ፎንት» ሲባል አንድ የግዕዝ ፊደል ይሆናል፤ ፎንቱ ሲጠፋ አሃዱም አብሮ ይጠፋል። ቁጥሩ ግን እዚያው አለ። የቢሮው ሠራተኛ «ፋይሉ ተበላሸ» የሚለው ፋይል እንግዲህ አንድም ቁጥር ሳይዛባበት አሃዱን ብቻ ያጣ ፋይል ነው።

ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ በ1999 ቅጂ 3.0ን ሲያወጣ 345 የግዕዝ ፊደላትና ምልክቶች የራሳቸውን ቁጥር አገኙ። አሰላለፉ ለሒሳብ ወዳጅ ደስ ያሰኛል። ሀ 4608 ላይ ይጀምርና እያንዳንዱ ፊደል ስምንት ቦታ ይይዛል፤ ሰባቱ ለሰባቱ ዘር፣ ስምንተኛው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሏ ላለው ዲቃላ። «ከሚሴ» በዩኒኮድ 4776፣ 4634፣ 4660 ነው። እያንዳንዱን ለ8 ብናካፍል ቀሪው 0፣ 2 እና 4 ይሆናል፤ ይኸውም ግዕዝ፣ ሣልስና ኃምስ ማለት ነው። ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ደንቡ ይሠራል። አፋን ኦሮሞ በግዕዝ ሲጻፍ የሚያስፈልገው ዸም 4856 ላይ ቦታውን ይዟል። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ለገበያ ሲቀርብ ኒያላ የተባለውን የዩኒኮድ የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ እንደ ቁቤው ሁሉ ከማሽን ማሽን ይጓዛል።

ሁለቱ ፊደላት በአንድ ገጽ

አሮጌውን ኮድ ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ ፕሮግራሞች አሉ። እንደ ከሚሴ ባለ ሥፍራ ግን በሌላው አካባቢ እምብዛም የማያጋጥም ወጥመድ አለ። የአማርኛው ደብዳቤ በመካከሉ የቀበሌ ስም፣ የሰው ስም ወይም የመሥሪያ ቤቱን መጠሪያ በቁቤ ሊይዝ ይችላል። በፋይሉ ውስጥ ሁለቱም ከ256 በታች የሆኑ ቁጥሮች ናቸው፤ የሚለያቸው የፎንት ስም ብቻ ነው። የፎንቱን ስም የማያይ ለዋጭ ቁቤውን ጭምር ግዕዝ አድርጎ ያተራምሰዋል። ይባስ ብሎ፣ ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ተቀምጦ ከሆነ፣ ወይም የሠንጠረዡ ዓምድ በሙሉ በአንድ ፎንት ተለውጦ ከሆነ የቱ የት እንደነበረ ማሽን ሊያውቅ አይችልም። ያኔ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር መለየት ይኖርበታል።

ቁቤም ቢሆን ከእንከን የነጻ አይደለም። ሁዻ የምትባለው፣ ከላይ የምትንጠለጠለው ምልክት በአስኪ 39 ናት፤ አንዳንድ የጽሑፍ ማቀናበሪያዎች ግን ሳይጠየቁ ወደ ጎባጣዋ፣ 8217 ወደሆነችው ይለውጧታል። ለዓይን ልዩነቱ ኢምንት ነው። ኮምፒውተር ግን በአንዷ የተጻፈውን ስም በሌላዋ ሲፈልግ «የለም» ብሎ ሊመልስ ይችላል። በአማርኛውም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ አራት ነጥብን ብዙዎች ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት ይጽፉታል። የመጀመሪያው 4962 ሲሆን፣ ሁለተኛው ሁለት ጊዜ 4961 ነው።

ከአሮጌው ማሽን ሳይለያዩ

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ቅደም ተከተል ነው። ልወጣው መሠራት ያለበት አሮጌው ኮምፒውተርና ፈቃድ ያለው ፕሮግራም ገና በሕይወት ሳሉ ነው። ፋይሉ በቀድሞው ቤቱ ተከፍቶ፣ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ወደ ፒዲኤፍ ይቀየር ወይም በወረቀት ይታተም። በፒዲኤፉ ውስጥ ቃል መፈለግ ላይቻል ይችላል፤ ዋናው ጽሑፍ ምን ይል እንደነበር ግን ምስክር ይሆናል። ከዚያ ዋናው ሳይነካ ቅጂው ይለወጥና ከምስክሩ ጋር ይመሳከር። በተለይ ስሞች፣ አኃዞችና ዲቃላ ፊደላት በዓይን ይታዩ፤ ቅጥያ በማደራረብ በተጻፈ ጽሑፍ አንድ ዓይነት መልክ በሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ሊገኝ ስለሚችል ለዋጩ አንዱን አውቆ ሌላውን ሊያልፈው ይችላል። የስም ዝርዝር የያዘ ሠንጠረዥ ከሆነ ከልወጣው በኋላ በሀ ሁ ቅደም ተከተል ማሰለፍ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ያልተለወጡት ስሞች ተለይተው ከዝርዝሩ ጫፍ ላይ ይሰበሰባሉ።

የአማርኛ መጻፊያውን ማሻሻያ መግዛት ያስፈልጋል ወይ? ለመጻፍ ብቻ ከሆነ የግድ አይመስለኝም። ኪማን የተባለው የቁልፍ ሰሌዳ ፕሮግራም ቀድሞ የሚሸጥ ነበር፤ ኤስ አይ ኤል የተባለው ድርጅት በ2015 ከተረከበው በኋላ ለዊንዶውስ፣ ለማኪንቶሽ፣ ለሊኑክስና ለእጅ ስልክ በነጻ የሚሰጥ ሆኗል። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤልና ኖቶን የመሳሰሉ የዩኒኮድ ፎንቶችም በነጻ ፈቃድ ይገኛሉ። የማሻሻያው ቅጂ የራሱን አምራች አሮጌ ኮድ በትክክል የሚለውጥ መሣሪያ ይዞ ከመጣ ግን ገንዘቡ ይገባዋል፤ ያንን የቁጥር ሠንጠረዥ ከአምራቹ የተሻለ የሚያውቅ የለምና። ግዢው ከመፈጸሙ በፊት ሁለቱንም ፊደል የያዘ አንድ አሮጌ ደብዳቤ ለሻጩ ሰጥቶ በፊት ለፊት እንዲለውጠው መጠየቅ ነው። ውጤቱንም አማርኛና አፋን ኦሮሞ የምታነብ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ትየው፤ ከኮምፒውተር ባለሙያው ይልቅ ስሕተቱ ፈጥኖ የሚታያት እሷ ናት።