መስታወት ያማሰለው አናጢ

ቀጠን ያለ ትኩስ ሻይ በብርጭቆ ቅዱና ስኳር ጨምሩበት። ሳታማስሉ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ እዩት። ከሥሩ እንደ ጭስ የሚውለበለብ ቀጭን ክር ይታያችኋል። ሻዩም ስኳሩም እንከን የለባቸውም። ግን ስኳር የበዛበትና ያነሰበት ፈሳሽ ብርሃንን እኩል ስለማያጎብጡ ከጀርባ ያለው ነገር ተጣሞ ይታያል። የሌንስ መስታወት ሠሪዎችን ከመቶ ዓመት በላይ ያስጨነቃቸው ይኸው ክር ነው፤ በነሱ ዘንድ ደግሞ እንደ ሻዩ ሟሙቶ አይጠፋም፣ መስታወቱ ሲረጋ አብሮ ይረጋል።

ነጠላ ሌንስ ነጩን ብርሃን ስለሚበታትነው ምስሉ ዳር ዳሩን ቀለም ይይዛል። መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት መስታወት ማጣመር ነበር፤ ክራውን የሚባለውን ተራ መስታወትና እርሳስ የተባለው ማዕድን የገባበትን ፍሊንት። ጆን ዶሎንድ በዚህ መንገድ ለሠራው ሌንስ እ.ኤ.አ. በ1758 ለንደን ላይ የፈጠራ መብት አገኘ። ችግሩ ግን እርሳስ ከባድ ነው። ማቅለጫው ውስጥ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ቀላሉ ከላይ ይቀራል፣ በመካከሉም ያ ክር ይፈጠራል። ደህና ፍሊንት የሚገኘው በትንንሽ ቁራጭ ብቻ ነበር።

መላውን ያገኘው የተማረ ኬሚስት አልነበረም። ፒየር ሉዊ ጊናን በ1748 የተወለደ፣ ለሰዓት የእንጨት ሣጥን የሚሠራ የስዊዘርላንድ አናጢ ነው። በገዛ እቶኑ ለዓመታት ሞከረ፣ ከሰረ፣ ደግሞ ሞከረ። በ1805 ገደማ የደረሰበት ነገር ገንፎ ያገነፋ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፦ ማማሰል። ግን በምን? እንጨት ይነዳል፤ ብረት መስታወቱን ያቀልመዋል። ጊናን ማማሰያውን እሳት ከሚችል ሸክላ ሠራው። እኔ ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ትልቁ በር የተከፈተው በሸክላ ዘንግ ነው።

ከዚያ ትዕግሥት ይመጣል። ቅልጡ ቀስ እያለ እንዲቀዘቅዝ ይተዋል፤ ከተቻኮለ ውስጡ ይወጠርና ይሰነጠቃል። ማቅለጫው ተሰብሮ ከስብርባሪው ጥሩ ጥሩው ይለቀማል። ጊናን ሙያውን ይዞ ወደ ባቫሪያ፣ ወደ ቤኔዲክትቦየርን ሄደ፤ እዚያም ወጣቱ ሌንስ ሠሪ ዮሴፍ ፍራውንሆፈር አብሮት ሠራ። ቆይቶ ምስጢሩ ወደ ፓሪስ፣ በ1848 ደግሞ ወደ እንግሊዙ ቻንስ ወንድማማቾች ፋብሪካ ደረሰ።

ክሩ ቢጠፋም የመስታወቱ ዓይነት አልበዛም። በነባሮቹ መስታወቶች ብርሃንን ይበልጥ የሚያጎብጠው ቀለሙንም ይበልጥ ይበትናል፤ አንዱን ያለ ሌላው ማግኘት አይቻልም ነበር። ስለዚህ የካሜራ ምስል መሐሉ ሲጠራ ጠርዙ ይደበዝዝ ነበር። የመስኮት መስታወት ሠሪ ልጅ የሆነው ኦቶ ሾት በ1879 አዲስ ቅልጥ ሠርቶ በጀርመኗ የና ከተማ ለነበረው የፊዚክስ ሊቅ ለኤርንስት አቤ ላከለት። ያ ናሙና አልሠመረም። ሁለቱ ግን አልተለያዩም፤ ባሪየምና ቦሮን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን እያስገቡ ሞከሩ፣ በ1884 ቤተ ሙከራ ከፈቱ፣ በ1886 የ44 መስታወት ዝርዝር አወጡ። ከነዚህም መካከል ብርሃንን በደንብ እያጎበጠ ቀለሙን እምብዛም የማይበትን አለ። በ1890 የዛይስ ሌንስ ፋብሪካው ፓውል ሩዶልፍ በአዲሶቹ መስታወቶች ታግዞ እስከ ጠርዙ የጠራ ምስል የሚሰጥ ሌንስ አወጣ።

በ1930ዎቹ አሜሪካዊው ጆርጅ ሞሪ ላንታነም የተባለውን ንጥረ ነገር በመስታወት ላይ ጨመረ። የላንታነም መስታወት ብርሃንን ከቀደሙት ይበልጥ ያጎብጣል፤ ሲቀልጥ ግን የሸክላውን ማቅለጫ ይበላል። ስለዚህ ማቅለጫው በፕላቲነም ተተካ። ማማሰያውም እንዲሁ።