የሉል ሐብልና ጠባብ ሱሪ

የዛሬ ፋሽን ከቀድሞው ዘመን ቴሌቪዥን ብዙ ይቀዳል። ልብሱን መቅዳት ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ስለ ምን እንደ ተለበሰ ሳያውቁ የገዛ ኑሮን በእርሱ መመዘን ያሳስታል።

በአሜሪካ ከ1957 እስከ 1963 እ.ኤ.አ. በታየው «ሊቭ ኢት ቱ ቢቨር» በተባለው ተከታታይ ድራማ፥ ባርባራ ቢሊንግስሊ እናት ሆና ስትጫወት የቤት ሥራዋን እንኳ የሉል ሐብል አጥልቃ ትሠራ ነበር። ያም ሐብል እስከ ዛሬ ድረስ የፍጹም የቤት እመቤት ምልክት ሆኖ ይኖራል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር፤ ተዋናይቱ ራሷ እንደ ገለጠችው፥ በአንገቷ ሥር ያለውን ጐድጓዳ ከካሜራ ለመሰወር ነው። ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማዋም ልጆቹ እያደጉ ሲሄዱ በቁመት እንዳይበልጧት ነበር።

በ1961 እ.ኤ.አ. በተጀመረው «ዘ ዲክ ቫን ዳይክ ሾው» ግን ሜሪ ታይለር ሙር በቤቷ እንደምትለብሰው ያለ ጠባብ ሱሪ ለብሳ ቀረበች። ፕሮግራሙን በገንዘብ የሚደግፉት ነጋዴዎች ቢያጕረመርሙም፥ ሴት ቤቷን የምታጸዳው በሰፊ የክት ቀሚስ አይደለም ስትል ጸናች። ተመልካቾች እውነቱን ስላወቁ ሱሪውን ወደዱት፤ ዛሬም በየጊዜው ወደ ገበያ ይመለሳል።

እንግዲህ እናቶች ሆይ፥ ልጆቻችሁ የጥንቱን ሥዕል አይተው «የድሮ እናት እንዲህ ነበረች» ቢሏችሁ፥ የሐብሉን ምሥጢር ንገሯቸው። ሊጥ የነካው እጃችሁ ከዚያ ሐብል አያንስምና።