ይዘት-ተኮር ማስታወቂያ

ይዘት-ተኮር ማስታወቂያ በአንድ ድረ ገጽ ላይ የሚወጣውን ማስታወቂያ ከገጹ ጽሑፍ ጋር እያዛመደ የሚመርጥ የኢንተርኔት ማስታወቂያ ዓይነት ነው። ለምሳሌ ስለ ቡና አፈላል በሚያብራራ ገጽ ላይ የጀበና ወይም የቡና መፍጫ ማስታወቂያ ሲወጣ ማለት ነው። ባሕርይ-ተኮር የሚባለው ሌላው ዓይነት ግን የሚመለከተው ገጹን ሳይሆን አንባቢውን ነው፤ ሰውየው ከዚህ በፊት የትኞቹን ገጾች እንደጎበኘና ምን እንደገዛ ተከታትሎ በዚያ መሠረት ይመርጣል። የሁለቱ ልዩነት ኮምፒዩተሩ የሚያነበው ገጹን ነው ወይስ ሰውየውን በሚለው ላይ ነው።

ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1998 ጊላድ ኤልባዝና አዳም ዋይስማን በካሊፎርኒያ ኦይንጎ የሚባል ኩባንያ መሠረቱ። በኋላ አፕላይድ ሴማንቲክስ የተባለው ይህ ኩባንያ ቃላትን በትርጉማቸው እየመደበ የአንድን ገጽ ርዕሰ ጉዳይ የሚለይ ፕሮግራም ሠራ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2003 ኩባንያውን ገዛው። በዚያው ዓመት ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ያቀረበው የማስታወቂያ አገልግሎት አድሴንስ ስሙን ያገኘው ከዚህ ኩባንያ ምርት ነው። አድሴንስ ትንንሽ ድረ ገጾችም ከአስተዋዋቂ ጋር በቀጥታ ሳይዋዋሉ ገቢ እንዲያገኙ መንገድ ከፈተ።

አሠራር

የድረ ገጹ ባለቤት በገጹ ውስጥ አጭር ኮድ ያስገባል። የማስታወቂያው ድርጅት ሮቦት ገጹን ጎብኝቶ ጽሑፉን ያነባል፤ ከዚያም ገጹን የሚወክሉ ቃላትን ይመርጣል። በብዛት የተደጋገመ ቃል ሁሉ ገጹን አይወክልም። «ነው» እና «ግን» በሁሉም ገጽ ላይ ስለሚገኙ ስለ ርዕሱ የሚናገሩት ነገር የለም። ለዚህ መፍትሔ የሆነውን ሐሳብ እንግሊዛዊቷ የኮምፒዩተር ሳይንቲስት ካረን ስፓርክ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1972 አቅርባለች፦ የአንድ ቃል ክብደት ቃሉ የሚገኝባቸው ገጾች ባነሱ ቁጥር ይጨምራል።

ለምሳሌ ከ10,000 ገጾች ውስጥ «ነው» በ9,500ዎቹ፣ «ጀበና» ደግሞ በ50ዎቹ ብቻ ይገኛል እንበል። የጠቅላላውን ቁጥር ቃሉ ባለባቸው ገጾች ቁጥር አካፍለን ሎጋሪዝሙን ስንወስድ «ነው» 0.02፣ «ጀበና» 2.3 ያህል ያገኛሉ። በአንድ ገጽ ላይ «ነው» 20 ጊዜ፣ «ጀበና» 6 ጊዜ ቢጻፍ የመጀመሪያው ክብደት 0.4፣ የሁለተኛው 13.8 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ገጹ ስለ ጀበና እንደሆነ ይገመታል።

ቀጥሎ ከገጹ ጋር የሚዛመዱት ማስታወቂያዎች በቅጽበት ጨረታ ይወዳደራሉ። በውድድሩ የሚያሸንፈው ሁልጊዜ ከፍተኛ ዋጋ የሰጠው አይደለም፤ ዋጋው አንባቢው ማስታወቂያውን የመጫን ዕድሉ ባለው መጠን ይባዛል። ለአንድ ጠቅታ 4 ብር የሚከፍል፣ ነገር ግን ከ1,000 ሰው 5 ብቻ የሚጫኑት ማስታወቂያ ለ1,000 ዕይታ 20 ብር ያስገኛል። 2 ብር የሚከፍልና 20 ሰው የሚጫነው ግን 40 ብር ያስገኛል። ተዛማጅነት ለአንባቢው ብቻ ሳይሆን ለድረ ገጹ ባለቤትም የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

ስሕተቶች

ቃል መመሳሰሉ ብቻ ተገቢነትን አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ. በ2003 የኒው ዮርክ ፖስት ጋዜጣ ድረ ገጽ የተገደለ ሰው አካል በሻንጣ ውስጥ ስለመገኘቱ በዘገበበት ገጽ ላይ የሻንጣ ሽያጭ ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር። ኮምፒዩተሩ ቃሉን በትክክል አግኝቷል፤ የዜናውን ስሜት ግን አልተረዳም። ከዚያ ወዲህ የማስታወቂያ ድርጅቶች ስለ አደጋ፣ ስለ ወንጀልና ስለ ሞት የሚያወሩ ገጾችን የሚለዩ ማጣሪያዎች ጨምረዋል። ማጣሪያው ሲጠብቅ ግን ሌላ ችግር ይመጣል፤ ስለ ጦርነትና ስለ በሽታ በኃላፊነት የሚዘግቡ ድረ ገጾችም ማስታወቂያ ያጣሉ።

በአማርኛ ገጾች ላይ

የአማርኛ ጽሑፍ ለዚህ ዘዴ ሦስት ልዩ ፈተናዎች አሉት። አንደኛው የፊደላት መመሳሰል ነው። አስተዋዋቂው «የፀሐይ ኃይል» ብሎ ሲያስመዘግብ ጸሐፊው «የጸሀይ ሀይል» ብሎ ከጻፈ ለኮምፒዩተሩ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ከማነጻጸር በፊት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ወደ አንድ መልክ መቀየር አለባቸው። ሁለተኛው የቃላት እርባታ ነው። «ቤት»፣ «ከቤታችን» እና «ለቤቶቹ» አንድ መነሻ እንዳላቸው፣ «ሸጠ»፣ «የሚሸጥ» እና «ሽያጭ» ከአንድ ሥር እንደወጡ ፕሮግራሙ ማወቅ ይኖርበታል። ሦስተኛው አንድ ቃል ብዙ ትርጉም መያዙ ነው። ስለ አንድ ባንክ «ዋና ሥራ አስኪያጅ» በሚናገር ገጽ ላይ «ዋና» የሚለውን ብቻ የሚያይ ፕሮግራም የመዋኛ ገንዳ ማስታወቂያ ሊያወጣ ይችላል። የቋንቋው ማቀነባበሪያ ካልተሟላ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ብዙ አንባቢ ቢኖረውም ከገጹ የሚያገኘው ገቢ አነስተኛ ይሆናል።

የድረ ገጹ ባለቤት በበኩሉ ተዛማጅነትን ሊያሻሽል ይችላል። በአንድ ገጽ ላይ አንድ ርዕሰ ጉዳይ ብቻ መጻፍ፣ ግልጽ ርዕስ መስጠት፣ ጽሑፉን በምስል ሳይሆን በፊደል ማቅረብና የማስታወቂያውን ሮቦት አለመከልከል ዋና ዋናዎቹ ናቸው።

የግል መረጃ ጥበቃ

ባሕርይ-ተኮር ማስታወቂያ በአብዛኛው የሚሠራው ኩኪ በተባሉ ትንንሽ ፋይሎች ነው። ኩኪ እ.ኤ.አ. በ1994 በኔትስኬፕ ኩባንያ ሲፈጠር ዓላማው ድረ ገጾች ጎብኚያቸውን እንዲያስታውሱ ማድረግ ነበር፤ ቆይቶ ግን ሰዎችን ከድረ ገጽ ወደ ድረ ገጽ ለመከታተል ዋለ። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ይህ ክትትል ጥብቅ ቁጥጥር ይደረግበታል። የኔዘርላንድስ የሕዝብ ብሮድካስት ማስታወቂያ ሻጭ ስተር እ.ኤ.አ. በ2020 የክትትል ኩኪዎችን ትቶ ወደ ይዘት-ተኮር ማስታወቂያ ዞሯል። ይዘት-ተኮር ማስታወቂያ የአንባቢውን ማንነትና ያለፈ ታሪክ ሳይጠይቅ ሊሠራ ስለሚችል በግል መረጃ ላይ የሚያደርሰው ጫና ያነሰ ነው። ሆኖም አንዳንድ ድርጅቶች ሁለቱን ዘዴዎች አቀላቅለው ስለሚጠቀሙ ማስታወቂያው ከገጹ ጋር መዛመዱ ብቻ አንባቢው ክትትል እንዳልተደረገበት አያረጋግጥም።