ከዲፕስሉት ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት፦ የዊትስ ሥልጠናና ዋጋው

በጆሃንስበርግ ሰሜናዊ ዳርቻ በምትገኘው ዲፕስሉት፣ በቆርቆሮ ቤቶች መካከል ያደገ ወጣት ሐኪም ለመሆን ቢመኝ በከተማው የሚጠብቀው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዊትዋተርስራንድ፣ በአጭሩ ዊትስ ነው።

የሐኪምነት ትምህርቱ ስድስት ዓመት ይፈጃል። ክሊኒካል አሶሼት የተባሉት፣ ከአገራችን ጤና መኮንኖች ጋር የሚቀራረቡት ባለሙያዎች ደግሞ በሦስት ዓመት ሠልጥነው በሐኪም ክትትል ሥር ሕሙማንን ያክማሉ። ተማሪዎቹ ከሚለማመዱባቸው ሆስፒታሎች አንዱ በሶዌቶ የሚገኘው ክሪስ ሃኒ ባራግዋናት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የዊትስ ሐኪሞች ኤች አይ ቪ በደሟ ከሚገኝ እናት የጉበት ክፋይ ወስደው ቫይረሱ ለሌለበት ልጇ በመተካት ሕይወቱን ታድገዋል፤ ቀዶ ሕክምናው በዓለም የመጀመሪያው ተብሏል።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 የክፍያ ጭማሪን የተቃወመው የተማሪዎች ንቅናቄ የተቀጣጠለው በዚሁ ግቢ ነበር። ዛሬ የመንግሥት የተማሪዎች ድጋፍ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ350 ሺህ ራንድ ለማይበልጥ ቤተሰቦች ልጆች ይደርሳል፤ ሆኖም ዜግነት ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ በጆሃንስበርግ በንግድ ለሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች፣ የልጃቸውን ዕጣ ከፈተና ውጤት ባልተናነሰ የሚወስነው ይኸው ወረቀት ነው።